የሞራ ጽላ ቀይ ጫማ

ባለፈው ሳምንት፣ አሽቀሎን ከተማ አፍሪዳር ሰፈር ባለው ኩፓት ኾሊም፣ ማለት በጤና ጣቢያችን፣ የደም ምርመራ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ እግር አዘዘኝ። ቀልዴን አይደለም። ገና ማለዳ ነው፤ ስኳሬን ሊለኩኝ ስለሆነ እህል በአፌ አልዞረም፣ ሆዴ ይጮኻል፣ ልጄ በስልክ በዕብራይስጥ ትጨቃጨቀኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ ቤታችን እንዲህ ነው የሚነጋገረው። ስልኩን ዘግቼ እንደ ልማዴ ወለል ወለሉን ሳይ፣ ፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ሥር አንድ ነጭ የአሮጊት ጫማ፣ ያ ማሰሪያ የሌለው፣ ጠቅ ተደርጎ የሚለጠፈው ዓይነት፣ ተንቀሳቀሰ። ሁለቴ በተረከዝ፣ አንዴ በጣት። ምን እንደሆነ ሳላስብ ደረቴ አየር ሞላ፣ አፌ ተከፈተ። ልዘምር ነበር! ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ፣ ጉልበቴ መንቋቋት ከጀመረ ወዲህ፣ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ፣ በሰው መሐል ልዘምር አፌን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ማዛጋቴ መስሏቸው፣ አፍ በእጅ እንደሚሸፈን በራሳቸው አፍ ላይ አሳዩኝ።

አፌን ገጠምኩ። ቀና ግን አላልኩም። ያንን እግር ዐውቀዋለሁ። በዚህ ዓለም በእግሩ ብቻ የማውቀው ሰው አንድ ነው፤ በልጅነቴ ሙዚቃ ያስተማሩኝ ሞራ ጽላ ናቸው። «ሞራ» በዕብራይስጥ አስተማሪ ሴት ማለት ነው፤ አባቴ መጀመሪያ ሲሰማ «የበግ ነው የበሬ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ጨርሶታል። አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማሩኝን እኚህን ሴት ፊታቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አይቼው አላውቅም። ዐይናቸው ምን ዓይነት እንደሆነ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ የጫማቸውን መቀነቻ ቀዳዳ ግን ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። አንድ ቀን አይዎታለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻቸው ነበር። ቃሌን ሳልፈጽም ነው ፀጉሬ የሸበተው።

እኛ ከጎንደር ሱዳን በእግር፣ ከሱዳን ወዲህ በአውሮፕላን የመጣን ነን። ዓመቱን ልጆቼ ይቁጠሩት፣ እነሱ ናቸው የተማሩት። እኔ የማስታውሰው እዚሁ አሽቀሎን፣ አቲቆት ሰፈር የተሰጠንን ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እናቴ ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳውን ይዛ በጎን በጎኗ ነበር የምትወርደው። ወለሉ ነጠብጣብ ያለበት ንጣፍ ነው፤ በበጋ በሆዳችን ተኝተንበት እንቀዘቅዛለን። ለብርዱ የሰጡኝ ሹራብ አረንጓዴ ነበር፣ እጅጌው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ደረቱ ላይ ድብ ተስሎበታል። ድቡን እጠላው ስለነበር ገልብጬ እለብሰው ነበር። ከታች ማእዘኑ ላይ ጢማቸው ሸብቶ ወደ ቢጫ የሄደ አንድ ሰውዬ ኪዮስክ ነበራቸው፤ በላስቲክ ከረጢት የታሸገ ሾኮ፣ የቸኮሌት ወተት ማለት ነው፣ ይሸጣሉ። ጥጉን በጥርስ ነክሰን፣ የነከስናትን ቁራጭ እንትፍ ብለን፣ ቆመን እንጠጣለን። በጥቂት አጎሮት፣ በሳንቲም ማለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጠግብ ነገር ነበር። ከፎቁ ሁሉ መስኮት ራዲዮ ይጮኻል፤ አንደኛው ቤት የሞሮኮ ዘፈን፣ አንደኛው ቤት ዜና፣ የእኛ ቤት ግን ዝም። ዛሬ ኪዮስኩ የስልክ ቀፎ መጠገኛ ሆኗል። ሾኮው ግን አሁንም በከረጢት አለ፤ ልጆቼ በመቀስ ነው የሚቆርጡት፣ ጣዕሙን ከየት ሊያገኙት!

የእኛ ቤት ዝም ያለው ያለ ነገር አይደለም። ሱዳን፣ የስደተኛ ካምፑ ውስጥ፣ አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ፣ ልጅ ሁሉ «ድምፅሽን ዝቅ» ሲባል ነው የከረመው። ስንጫወት ዝቅ፣ ስንጣላ ዝቅ፣ ሰው ሲሞትብን እንኳ ለቅሶው ዝቅ ብሎ ነበር። አሽቀሎን ስደርስ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ድምፄ ግን በዚያው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። እናቴ ውሃ አቀብዪኝ ስትለኝ «እሺ» ማለቴን ለመስማት ዞር ትል ነበር። እንግዲህ ይቺን ልጅ ነው ሙዚቃ ክፍል ያስገቧት።

የሙዚቃ ክፍል ያልኩት ሚክላቱን ነው። ትምህርት ቤቱ ጠባብ ስለነበር ፒያኖውን ግቢው ውስጥ ወዳለው ሚክላት፣ የቦምብ መሸሸጊያ ማለት ነው፣ አውርደውታል። ወፍራም የብረት በር፣ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ፣ የእርጥበትና የቀለም ሽታ፣ መስኮት የለም። ፒያኖው ላይ ሦስት ቁልፎች ጫን ሲያደርጓቸው ተጭነው ይቀሩ ነበር፤ ሞራ ጽላ እየተጫወቱ በትንሿ ጣታቸው መልሰው ያነሷቸዋል። ዛሬ ሚክላት ማለት ለአሽቀሎን ሰው ሌላ ነገር ነው። ሲረኑ ሲጮኽ ጉልበቴን እየረገምኩ ስወርድ ሌላው ሰው ይጸልያል፣ እኔን ደግሞ ፒያኖ ፒያኖ ይሸተኛል። ጎረቤቶቼ ፍርሃት አታውቅም ይሉኛል። እፈራለሁ እንጂ! ግን እዚያ ውስጥ መጀመሪያ የገባሁት ልዘምር ነው።

የኢትዮጵያ ልጆች ስድስት ነበርን። ሞራ ጽላ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ፣ በአየር ላይ ይጽፋሉ፤ የአገሩ ልጆች እጃቸውን አይተው ይገባሉ፣ አይተው ይወጣሉ። እኛ ስድስታችን ደግሞ በአንድነት መሬት መሬቱን እናያለን። ምን እናድርግ? ልጅ የታላቅ ሰው ፊት ላይ ዐይኑን አይተክልም፤ አስተማሪ ሲሆንማ ጭራሽ። እሳቸው እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ይበልጥ የተቆጡ እየመሰለን ይበልጥ እናቀረቅራለን። ስለዚህ ሌላው ዘምሮ ሲጨርስ እኛ እንጀምራለን፣ ሌላው ሲጀምር እኛ ዝም። አንድ ቀን ፒያኖውን ዘግተው መጡና አገጬን በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው ቀና አደረጉት። እኔም ብልጥ ነኝ፤ ዐይኔን ጨፈንኩ። ጣታቸው አገጬ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆዩ፣ ተነፈሱ፣ ሄዱ። በማግስቱ አባቴ ትምህርት ቤት ተጠራ።

አባቴ ለዚያ ቀን ኮት ለበሰ። የእጅጌው ላይ የፋብሪካ ምልክት አልተቀደደም፤ ማን ቀድዶ አዲስነቱን ያሳጣዋል? በትምህርት ቤቱና በእኛ ሰዎች መሐል የሚያስታርቁ፣ ቀደም ብለው የመጡ ጋሼ አድማሱ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ለማስተርጎም እሳቸው ተቀመጡ። እኔም በመሐል ቆሜያለሁ። ያየሁት ጫማ ብቻ ነው፤ የሞራ ጽላ ቡናማ ነጠላ ጫማ፣ የአባቴ ጠባብ ጥቁር ጫማ፣ የጋሼ አድማሱ አቧራ የጠጣ ሸራ።

«ልጅህ በክፍል ውስጥ አታየኝም» አሉ ሞራ ጽላ። ጋሼ አድማሱ ቃል በቃል ተረጎሙት።

የአባቴ ጫማ ወደ ፊት ተራመደ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አለ አባቴ።

«አንድ ጊዜም ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም! ዓመቱን ሙሉ!»

«ኧረ በዛ፣ ምስጋናው በዛ! ይህስ የእናቷ ሥራ ነው። እኔ እርሻ ለእርሻ ስል ነው የኖርኩት።»

«ምን አለ?» አሉ ሞራ ጽላ።

የጋሼ አድማሱ ሸራ ጫማ ወንበሩ ሥር ገባ። «ያመሰግናል» አሉ።

«ምኑን?»

ቡናማው ነጠላ ጫማ በንዴት ወለሉን መታ መታ አደረገ። እንግዲህ ያን ጊዜ ጋሼ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዕብራይስጥ ረጅም ንግግር አደረጉ። ግማሹ አልገባኝም፤ «ካቮድ»፣ ክብር የሚለው ቃል ግን ደጋግሞ ይመጣ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ፣ ያ ሲመታ የነበረው ጫማ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ሁለቱም እግሮች ተጠጋጉና እንደዚያው ብዙ ቆዩ። ሞራ ጽላ የአባቴን እጅ ጨብጠው ሸኙት። እሱም ልጄ በመምህሯ ፊት ተመሰገነች ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወጣና፣ ከኪዮስኩ አርቲክ፣ አይስክሬም ማለት ነው፣ ገዛልኝ፣ የቀለጠውን ከእጄ ላይ እያየ «ግን ምንድን ነው የሚያስተምሩሽ?» አለኝ። መዝሙር አልኩት። ፊቱ ጠቆረ ማለት አልችልም፣ አላየሁትማ፤ ድምፁ ግን ጠቆረ። «ከዚያ ሁሉ በረሃ ያወጣሁሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?» አለ። አርቲኩ አስጠላኝ።

በሳምንቱ ሚክላት ስንወርድ፣ ቡናማው ነጠላ ጫማ የለም። በቦታው ቀይ ጫማ ቆሟል። ቀይ ስላችሁ የዋዛ ቀይ እንዳይመስላችሁ፣ የበርበሬ ቀይ ነው፤ ተረከዙ የእንጨት፣ ጎኑ ላይ የነሐስ ዘለበት ያለው፣ መቀነቻው አምስት ቀዳዳ። በኋላ እንደሰማሁት ሚግዳልን፣ የአሽቀሎንን አሮጌ ገበያ፣ ዞረው ነው ያገኙት። ከፒያኖው ፊት ቆሙና አንዲት ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን አነሱ፣ እግራቸውንም አብረው። ተረከዛቸው ሁለቴ ወለሉን መታ፤ ተዘጋጁ። ጣታቸው አንዴ፤ ግቡ! ስድስታችንም ገባን። ጫማው ወደ ጎን ሲዞር ድምፅ ይቀንሳል፣ ተነሥቶ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ትንፋሽ ይያዛል፣ ቀስ ብሎ ሲያርፍ ያበቃል። ቀና ብሎ ለሚያየው እጅ፣ አቀርቅሮ ለሚያየው እግር። ስለ ነገሩ አላወሩም፣ አልገሠጹንም፣ ተጣመሙ ተቃኑ አላሉንም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። እኔ ሙዓለ ሕፃናት ውስጥ በረዳትነት ነው የምሠራው፤ በቀን ስንት ጊዜ «እዩኝ እንጂ!» ብዬ እንደምጮኽ እኔ ነኝ የማውቀው።

እግሩን ማየት ከለመድኩ በኋላ ድምፄ በራሱ ጊዜ መጣ። «ኻዛቅ፣ ትሩ!» ይሉኛል፣ በርትተሽ፣ ጮኽ ብለሽ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ «ጥ»ን አፋቸው እምቢ ስላላቸው ትሩ አሉኝ፣ እኔም ወደድኩት። ራሳቸው የሠሯት አንዲት አጭር መዝሙር ነበረች፣ ስለ ትንሽ ጀልባ። አንደኛው አንጓ ላይ ጀልባዋ ትሄዳለች፣ ሁለተኛው ላይ ትመለሳለች። የምትመለስበትን አንጓ ብቻዬን እንድዘምረው ለእኔ ሰጡኝ። ወላጆች በሚመጡበት በዓመቱ መጨረሻ በዓል ነው የምዘምረው። ለአባቴ አልነገርኩትም። እናቴ ነገረችው መሰለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ኮቱን ከግድግዳው ላይ ያወርደዋል፣ ደግሞ ይሰቅለዋል።

በዓሉ ሚክላቱ ውስጥ አልነበረም፤ አዳራሽ ተከራይተው መድረክ ላይ አወጡን። ነጭ ሸሚዝ ለብሰናል። የእኔን እናቴ ዋዜማውን ሦስቴ አጥባዋለች፣ ገና እርጥብ ነው። ሞራ ጽላ ከመድረኩ በታች፣ ከወላጆች ፊት ቆሙ። እንግዲህ አንዱ ደግ አሳቢ የመድረኩን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በአበባ ማሰሮ አስውቦታል። የአገሩ ልጆች እጃቸውን እያዩ ጀመሩ፣ ጀልባዋ ሄደች። የእኔ ተራ ደረሰ። ወደ ታች አየሁ። አበባ ነው። ወደ ግራ አየሁ፣ አበባ። ቀይ ጫማ የለም። ፒያኖ የያዘው ሌላ መምህር መግቢያዬን ተጫወተ፣ አለፈ፣ ደገመው፣ አለፈ። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፤ የአባቴ ሳል ነው፣ ሲያፍር እንደዚያ ነው የሚስለው። ቀና በዪ አልኩት ራሴን፣ አንዴ ብቻ ቀና በዪ። አንገቴ እምቢ አለኝ። ውሃ በዐይኔ ሞላ፤ ድምፄም ወደዚያ ወደ ሱዳኑ ቦታ ሲመለስ ተሰማኝ።

ያኔ እግሬ አጠገብ ማሰሮ ተገፋ። በማሰሮዎቹ መሐል ሁለት ቀይ ጫማዎች ብቅ አሉ። መድረኩ ጠርዝ ላይ ወጡ። ውስጣቸው እግር የለም፣ እጅ ነው። ሞራ ጽላ ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን እንደ እግር አጥልቀውበት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዲሬክተሩ ባለበት፣ በባዶ እግራቸው ቆመው ነው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ምን ገዷቸው! ተረከዙ ሁለቴ። ጣቱ አንዴ። ገባሁ። ጀልባዋን መለስኳት። ጫማው ወደ ጎን ሲዞር ቀነስኩ፣ ሲነሣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ፊት ሲገፋ እስከ ዛሬ ደግሜ ያላወጣሁትን ድምፅ አወጣሁ። ሳቁ መቼ እንደቆመ አላውቅም።

እንደ ጨረስን ከመድረኩ ጀርባ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ባዶ እግራቸው ትንሽ ነበር፣ ጥፍራቸው ቀለም አልተቀባም። «ትሩ፣ አንድ ቀን ታዪኛለሽ» አሉኝ። «እኔ አልቸኩልም።»

«ኬን» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው። ቃሌ ይኸው ነው።

አባቴ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ከፊታችን ከፊታችን ሄደ። ፌርማታው ጋ ሲደርስ «ጫማቸውን አወለቁ» አለ፣ ለእናቴ ነው ለእኔ ሳይለይ። «እኛ ጸሎት ቤት ስንገባ ነው ጫማ የምናወልቀው። ሴትዮዋ ለልጄ ድምፅ ጫማቸውን አወለቁ።» ከዚያ ወዲያ አዝማሪ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ። አልቅሶ እንደሆነ አላውቅም፣ እሱንም ቀና ብዬ አላየውማ። አፍንጫውን ሲስብ ግን ሰምቻለሁ።

በዚያው ክረምት ሰሜን አገር ቋሚ ቤት ተሰጠን፤ ደኅና ሰንብቱ ሳልል ሄድኩ። ሰው ፊት ማየትን ያስተማረኝ ሠራዊቱ ነው። የአለቃዬን ዐይን እያየሁ የመለስኩ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ አባቴን የሰደብኩት ነበር የመሰለኝ። በመጀመሪያው ፈቃዴ፣ የወታደር ልብሴን እንደለበስኩ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ አሽቀሎን ወረድኩ። ሚክላቱ በቁልፍ ተዘግቷል። ሞራ ጽላ ትምህርት ቤቱን ትተዋል፤ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ኋላ ባል አግብቼ እዚሁ ስመለስም ስንት ጊዜ በገበያው መሐል የአሮጊቶችን እግር እያየሁ ሄጃለሁ። ባሌ ዕቃ የጠፋብኝ ይመስለው ነበር። ልጆቼማ ዐይኔን ትክ ብለው እያዩ «ማ?» ይሉኛል፣ ምን? ማለታቸው ነው። አንዳንዴ መሬት ቢያዩ ደስ ባለኝ።

ይኸውላችሁ፣ አሁን ጤና ጣቢያው ውስጥ ነጩ ጫማ ፊቴ ነው። ተነሥቼ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። «ሞራ ጽላ?» አልኩ።

«ማነው?» ፊታቸውን ወደ ድምፄ ሳይሆን ወደ ጎን አዞሩ። «ቅርብ በዪ። ዐይኔ መሐል መሐሉን ትቶ ዳር ዳሩን ነው የሚያሳየኝ። የሰው ጆሮና ትከሻ አያለሁ፣ ፊት የሚባል ነገር ከጠፋብኝ ቆይቷል።»

ዕድሜ ልኬን የፈለግኳቸውን ሴት ሳገኛቸው፣ ቀና ብል የማያውቁልኝ ጊዜ ላይ ነው። ምነው ትንሽ ቀደም ብዬ ብታመም አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ጥሩወርቅ ነኝ» አልኩ። «ከሚክላቱ። የጀልባዋ።»

«ትሩ!» እጄን ፈልገው ያዙት። አላለቀሱም፣ ሳቁ። «ትሩ፣ እያየሽኝ ነው?»

ልዋሽ እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? «አይ» አልኩ። «አሁንም ጫማዎን ነው የማየው።»

«እሺ» አሉ፣ «እኔ አልቸኩልም።»

ዐይኔን ቀስ ብዬ አነሣሁ። ከጫማው ወደ ጉልበታቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ወዳለው ቦርሳ፣ ነጠብጣብ ወደ ወጣበት እጃቸው፣ ወደ ሹራባቸው ቁልፍ፣ ወደ አገጫቸው። አገጫቸው ላይ ትንሽ አረፍኩ። ከዚያ አየሁ።

«አየሁዎት» አልኩ።

«ዐይኔ ምን ዓይነት ነው ታዲያ?»

ሰማያዊ እንደሚሆን ነበር ልቤ የነገረኝ፤ ነጭ ሰው ሁሉ ዐይኑ ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር። «ቡናማ ነው» አልኩ። «እንደ እናቴ። ግራው ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች።»

እጄን የያዘው እጃቸው ጠበቅ አለ። «አለች አሁንም?» አሉ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ስለ እሷ የነገረኝ ሰው የለም።»

«አለች» አልኩ።

ነርሷ በሩን ከፍታ ስማቸውን ጠራች። ደግማ ጠራች። ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ፣ ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። ሞራ ጽላ ያንን በአየር ላይ ይጽፍ የነበረውን እጃቸውን አነሡ።

«ትንሽ ጠብቂኝ» አሏት፣ «ልጅቷ እያየችኝ ነው።»